ፍርድ ብቻውን ልጅ አያሳድግም

ባልና ሚስት ሲፋቱ ብዙ ነገር ለሁለት ይከፈላል። ከብቱ በግምት ይከፈላል፤ እህሉ በቁና ይሰፈራል፤ መሬቱ በገመድ ይለካል፤ የቤቱ ክዳን ቆርቆሮ እንኳ ሳይቀር ይቈጠራል። ለሁለት ሊከፈል የማይችል አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እርሱም ልጅ ነው። ልጅ ከአንደኛው ወላጅ ጋር ይቀራል፤ በአገራችን ልማድም አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረው ከእናቱ ጋር ነው። ሌላው ወላጅ ጓዙን ጠቅልሎ ይወጣል። ከቤት መውጣት ግን ከወላጅነት መውጣት አይደለምና ፍርድ ቤት ለልጁ በየወሩ የሚሰጠውን ቀለብ ይቈርጥበታል። በዚህ ጽሑፍ የማነሣላችሁ ጥያቄ አጭር ነው፤ ቀለብ የተቈረጠበት ሰው የሚከፍለው ከሌለው ልጁ ምን ይበላል?

ስለ ቀለብ ሕግ ጐድሎናል ለማለት አይቻልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቀለብን ነገር ደንግጎ ነበር፤ በዚያ ሕግ ዘመን የፍቺን ጉዳይ የሚያዩት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠ። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 79 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደውም በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት እንዳለው ይናገራል። በኅዳር ወር 1982 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ያጸደቀውና ኢትዮጵያም የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 27 ለልጅ የሚገባው ቀለብ ከወላጁ እንዲገኝ መንግሥታት ተገቢውን ርምጃ ሁሉ እንዲወስዱ ያስገድዳል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም የቀለብ ግዴታውን ያለ በቂ ምክንያት የማይወጣ ሰው እንዲቀጣ ያዛል።

እንግዲህ ሕጉ አለ፤ ዳኛው አለ፤ ቅጣቱም አለ። የጐደለው እህሉ ነው። በስማዳ ወይም በታች ጋይንት ገጠር የምትኖር አንዲት እናት አስቡ። ሕፃኗን አዝላ፣ ስንቋን ቋጥራ ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ትሄዳለች። ቀጠሮ ይሰጣታል፤ ትመለሳለች፤ ደግሞ ትሄዳለች። ምስክር ታቀርባለች፤ በመጨረሻም ይፈረድላታል። የፍርዱን ግልባጭ በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ቤቷ ስትገባ ግን ከመሶቡ የተጨመረ ነገር የለም። አንድ ወር ያልፋል፤ ሁለት ወር ያልፋል። ተከሳሹ አይገኝም፤ ቢገኝም እጁ ባዶ ነው። እንደ ገና የአፈጻጸም መዝገብ ታስከፍታለች፤ እንደ ገና ቀጠሮ ይሰጣታል። አበው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት እንዲህ ላለው ፍርድ ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት ቀለብ የማይከፍሉትን ወላጆች ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ሁሉም አንድ ዐይነት አይደሉምና። የመጀመሪያው ደመወዝተኛው ነው። በደብረ ታቦር ከተማ መምህር፣ ነርስ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሓፊ የሆነ አባት ቀለቡን ባይከፍል ፍርድ ቤቱ ለመሥሪያ ቤቱ ይጽፋል፤ ገንዘቡም ገና ከእጁ ሳይገባ ከደመወዙ ተቈርጦ ለልጁ ይደርሳል። ሁለተኛው ሀብቱን የሚደብቀው ነው። ከብቱን በወንድሙ ስም፣ ሱቁን በአማቹ ስም ያደርግና «ድኻ ነኝ» ብሎ ከዳኛ ፊት ይቆማል። ለእርሱ ምርመራና ቅጣት ይገባዋል። ሦስተኛው ግን በእውነት ያጣው ሰው ነው። የሚቈረጥ ደመወዝ፣ የሚሸጥ ከብት፣ የሚደበቅ ሀብት የለውም። ለመጀመሪያው ደብዳቤ ይበቃል፤ ለሁለተኛው ቅጣት አለ፤ ለሦስተኛው ግን እስከ ዛሬ የተዘጋጀ ነገር እምብዛም የለም።

በደቡብ ጎንደር ደጋ ይህ ሦስተኛው ዐይነት ሰው የሚበዛበት ምክንያት አለ። ከጉና ተራራ ዙሪያ ጀምሮ እስከ ጋይንት የሚዘረጋው አገር ገብስ፣ ስንዴና ድንች የሚበቅልበት፣ ሕዝቡም የበዛበት ነው፤ አፈሩ ግን በየክረምቱ በጎርፍ እየታጠበ ሳስቷል። የአንድ ገበሬ ይዞታ ብዙውን ጊዜ አንድ ሄክታር አይሞላም። በክልሉ በ1989 ዓ.ም. ከተደረገው የመሬት ሽግሽግ በኋላ ለዐቅመ አዳም የደረሰ ወጣት ከወላጆቹ በስጦታ ወይም በውርስ ካላገኘ በቀር የራሱ መሬት ለማግኘት ይቸግረዋል። ባለ መሬቱም ቢሆን ሲፋታ ይዞታው ይከፈላል። በይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ እንዲሰፍር መደረጉ፣ በፍቺም ጊዜ ሴቲቱ ድርሻዋን ይዛ መውጣቷ የሚገባ ነው፤ ለብዙ ዘመን ባዶ እጇን ስትወጣ ኖራለችና። ይሁን እንጂ ለአንድ ቤት በቅጡ ያልበቃ መሬት ለሁለት ሲከፈል አንዱንም ቤት አያጠግብም። እናትየዋ በድርሻዋ ልጁን ለማሳደግ ትታገላለች፤ አባትየው ድርሻውን በእኩል ሰጥቶ ወይም አከራይቶ እንጀራ ፍለጋ ይሄዳል።

ወዴት ይሄዳል? ብዙው ወደ ቆላ ይወርዳል። ከእብናት፣ ከጋይንትና ከስማዳ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ሑመራ መውረድ ለደገኛው የቈየ ልማድ ነው። በዚያ የሚገኘው ገንዘብ የወቅት ገንዘብ ነው፤ በክረምት ለአረም፣ በመጸው ለአጨዳ ይገኛል፤ በቀረው ጊዜ የለም። ፍርዱ ግን «በየወሩ» ይላል። ከዚህም በላይ ከቆላ የሚመጣው ገንዘብ ብቻ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ የተነሣው የካላዛር ወረርሽኝ ከመተማና ከሑመራ በተመለሱ የወቅት ሠራተኞች አማካይነት እንደ ገባ ይታመናል። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት መንገዱን አስጊ፣ የሥራውን ገበያም የማይታመን አድርገውታል። ጤናውን አጥቶ የተመለሰ አባት ወይም ጨርሶ ያልተመለሰ አባት ምን ቀለብ ይከፍላል?

እንዲህ ያለውን ሰው «ካልከፈልህ ትታሰራለህ» ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን ታስሮ የሚውል ሰው አያርስም፤ አያርምም፤ ድንጋይ አይጠርብም። የታሰረበት ወር ሁሉ ለልጁ የጠፋ ወር ነው፤ ዕዳው ግን ይጨምራል። የዕዳው መብዛት ደግሞ ሌላ ጕዳት ያመጣል። ባለዕዳው እንዳይያዝ ፈርቶ ከሰፈሩ ይርቃል፤ ለመስቀልና ለፋሲካ እንኳ አይመጣም። ልጁን በመንገድ ቢያገኘው ባዶ እጁን ማቀፍ ያሳፍረዋልና አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ልጁም በመጀመሪያ ቀለቡን፣ ቀጥሎም አባቱን ያጣል። የሕጉ ሐሳብ ይህ እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት የሚከተለው ነው። ቀለብ የሚቈርጠው ፍርድ ቤትና ሥራ የሚያገናኘው መሥሪያ ቤት እጅ ለእጅ ተያይዘው መሥራት አለባቸው። ዛሬ ፍርድ ቤቱ በአንድ በኩል፣ ሥራ አገናኙ ጽሕፈት ቤት በሌላ በኩል የየራሳቸውን ሥራ ይሠራሉ። ሁለቱም በአንዲት የወረዳ ከተማ ውስጥ ይገኛሉ፤ ባለጉዳዩ ግን በፍርድ ምክንያት የሚያውቀው አንደኛውን ብቻ ነው። ዳኛው ቀለብ ሲቈርጥ ተከሳሹን «ስንት አለህ?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ «ምን ትሠራለህ? ምንስ መሥራት ትችላለህ?» ብሎ ይጠይቀው። ሥራ የሌለውን ሰው ከፍርዱ ጋር ደብዳቤ አስይዞ ወደ ሥራ አገናኙ ጽሕፈት ቤት ይላከው። ጽሕፈት ቤቱም የሰጠውን ሥራና ሰውየው የሚያገኘውን ገንዘብ መልሶ ለፍርድ ቤቱ ያስታውቅ። ያን ጊዜ ፍርዱ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ ወደ ልጁ ቤት የሚደርስበት መንገድ ያገኛል።

«ሥራው ከየት ይመጣል?» ትሉኝ ይሆናል። እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም፤ ነገር ግን ጨርሶ የለም አይባልም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም እብናትን፣ ላይ ጋይንትን፣ ታች ጋይንትንና ስማዳን የመሳሰሉ የእህል እጥረት ያለባቸውን ወረዳዎች አቅፎ፣ ጕልበት ያላቸው ችግረኞች እርከን እየሠሩ፣ መንገድ እየጠረጉ፣ ምንጭ እያጐለበቱ ገንዘብ ወይም እህል እንዲያገኙ አድርጓል። በእንዲህ ያለው ሥራ ተጠቃሚው የሚመዘገበው በቤተሰብ ነው። ቤተሰቡ በፍቺ ሲከፈል ከቤት የወጣው ችግረኛ ወላጅም እንዲመዘገብ፣ ከሚያገኘውም ላይ የልጁ ድርሻ በቀጥታ ለአሳዳጊዋ እንዲሰጥ ቢደረግ ምን ይከለክላል? በከተሞቹም ድንጋይ ጠርቦ መንገድ ማንጠፍ፣ ግንበኝነት፣ አናጢነትና ብየዳ አለ። በፎገራ ሜዳ ደግሞ ሩዝ ከታወቀ ወዲህ የአረሙና የአጨዳው ሥራ ብዙ እጅ ይፈልጋል። ከወረታ ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ደብረ ታቦርን አልፎ ወደ ጋይንት ይዘልቃልና የፋርጣም ሆነ የጋይንት ሰው ወደ ፎገራ ለመውረድ የሑመራን ያህል አይርቅበትም። ሥራው ሲያልቅ ለሰንበት ወደ ልጁ መመለስ ይችላል።

ጕልበት ብቻ ያለው ሰው ክፍያው ዝቅተኛ ነው፤ ሙያ ያለው ግን ይሻለዋል። ሙያ ማስተማር ደግሞ ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስፍረው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ሲያሠሩ፣ የአገሬው ወጣቶችም ከእነርሱ ሙያ እንዲቀስሙ አስበው ነበር። ያ ሙያ ለጦርነት የታሰበ ነበር፤ ዛሬ የሚያስፈልገን ሙያ ሕፃን የሚያበላው ነው። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች አጫጭር ሥልጠና ሲያዘጋጁ ቀለብ ለተቈረጠባቸው ሥራ ፈቶች ጥቂት ቦታ ቢሰጡ፣ የሦስት ወር ግንበኝነት የተማረ አባት ልጁ ለዐቅመ አዳም እስኪደርስ ድረስ የሚከፍልበትን መሣሪያ ያዘ ማለት ነው።

ሥራ ማገናኘት ብቻም አይበቃም፤ የቀለቡ መጠንና የአከፋፈሉ ጊዜ ከእውነተኛው ገቢ ጋር መስማማት አለበት። የቤተሰብ ሕጉ ራሱ የቀለቡ መጠን የጠያቂውን ችግርና የከፋዩን ዐቅም በማመዛዘን እንዲወሰን፣ ሁኔታው ሲለወጥም እንዲሻሻል ይፈቅዳል። የገበሬው ገቢ እህሉ ተወቅቶ ከአውድማ ሲነሣ፣ የወቅት ሠራተኛው ገቢ ከአጨዳ ሲመለስ የሚገኝ ከሆነ፣ ከፍ ያለው ክፍያ በእነዚያ ወራት፣ ዝቅ ያለው በቀሩት ወራት ቢደረግ መልካም ነው። እናትየዋም ከወደደች ከብሩ ይልቅ ገብሱን በቁና ትቀበል። በፍርድ ተጽፎ ከማይመጣ አምስት መቶ ብር ይልቅ በጊዜው የሚመጣ አንድ ቁና እህል ለልጁ ይጠቅመዋል።

ይህ ሐሳብ በሌላው ዓለምም ተሞክሯል። በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ አጥተው ቀለብ ያልከፈሉ ወላጆችን በዳኛ ትእዛዝ ወደ ሥራ አገናኝ ቢሮ የመላክ አሠራር ተጀመረ። እንዲህ ያለው ወላጅ ወይ ቀለቡን ይከፍላል፣ ወይ ሥራ ለመፈለግ ይተጋል፤ ሁለቱንም እንቢ ካለ እስራት ይጠብቀዋል። አሠራሩ በጥናት ሲመረመር ወደ ሥራ የተላኩት ካልተላኩት ይልቅ አዘውትረው ሲከፍሉ ተገኙ። በስዊድን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣ ሕግ ወላጅ በጊዜው ሳይከፍል ሲቀር መንግሥት ለልጁ አስቀድሞ እንዲሰጥ፣ ኋላም ከወላጁ እንዲቀበል አደረገ። የእኛ ሀብት የስዊድንን ለመሥራት አይፈቅድልን ይሆናል። የቴክሳሱ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሁለት መሥሪያ ቤቶች እንዲጻጻፉ ነውና ለእኛ ዐቅም የቀረበ ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ችላ ልንላቸውም አይገባም። አንዳንዱ ሰው «ልጁን ትቶ ለሄደ ሰው ሥራ መፈለግ ጥፋትን መሸለም ነው፤ ሥራ የምትሻውስ ልጁን ይዛ የቀረችው እናት አይደለችምን?» ይላል። ይህ ቍጣ እውነት አለው። ሥራ ሲከፋፈል ሕፃን የያዘችው ሴት መቅደም አለባት፤ የእርሷ ተራ ለአባትየው ይሰጥ የሚል የለም። ይሁን እንጂ አባትየው ሥራ ፈትቶ ቢውል የሚራበው ልጁ ነው። እናትየዋ ብቻዋን ሠርታ ብታሳድገውም የሁለት ሰው ሸክም በአንዲት ሴት ጫንቃ ላይ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ለአባትየው የሚፈለገው ሥራ የዕዳው መክፈያ እንጂ ስጦታ አይደለም። ትዳሩ በድብደባ የፈረሰ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ በባንክ ወይም በጽሕፈት ቤቱ በኩል ይተላለፍ እንጂ ቀለብን ሰበብ አድርጎ ወደ ቤቷ እንዲመላለስ አይፈቀድለት።

ሌላው ሰው «አባቶች ድኽነትን መደበቂያ ያደርጉታል፤ ዛሬ የለኝም ያለ ነገም የለኝም ይላል» ብሎ ይከራከራል። ይህም ብዙ ጊዜ የሚታይ ነው። ነገር ግን ያጣውን ከደበቀው ለመለየት ሥራን ከማቅረብ የበለጠ መመርመሪያ የት ይገኛል? «ሥራ የለኝም» ያለውን ሰው «እነሆ ሥራ» ስንለው በእውነት ያጣው ይቀበላል፤ የደበቀው ግን ምክንያት ይደረድራል። ያን ጊዜ ዳኛው «ያለ በቂ ምክንያት» የሚለውን የሕግ ቃል ያለ ጥርጥር ሊጠቅስበት ይችላል። ሥራ ሳይቀርብለት የታሰረ ሰው በድኽነቱ ታሰረ ይባላል፤ ሥራ ቀርቦለት እንቢ ብሎ የታሰረውን ግን ማንም አያዝንለትም።

በዚህ ረገድ የሽማግሌዎች ድርሻ ትልቅ ነው። ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ከሆነ ወዲህ የሽማግሌ ሥራ ያበቃ የሚመስለው ሰው አለ። ሆኖም ከብቱን በወንድሙ ስም ያደረገው ማን እንደ ሆነ፣ ወደ ቆላ ወርዶ ሳያገኝ የተመለሰው ማን እንደ ሆነ፣ የማን አውድማ ዘንድሮ እንደ ሞላ ዳኛው ከወንበሩ ላይ ሆኖ ሊያውቅ አይችልም፤ የሰፈሩ ሽማግሌ ግን ያውቃል። በፍርድ ቤት ቢጠየቅ እውነቱን ሊመሰክር፣ ከፍርድም በኋላ አባትየውን ሊመክርና ሊገሥጽ ይችላል። ለዘመድ ማድላት እንዳለም አይካድምና የሽማግሌው ቃል ለዳኛው መረጃ ይሁን እንጂ ፍርዱን አይተካ።

እስካሁን «አባት» እያልሁ የጻፍሁት ነገሩ በዚያ በኩል ስለሚበዛ ነው እንጂ ግዴታው የወንድ ብቻ ሆኖ አይደለም። ልጇን ለአያቱ ትታ ወደ ዐረብ አገር የሄደች ወይም በከተማ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እናትም ያው የወላጅነት ዕዳ አለባት፤ ሥራ ስታጣ ያው እርዳታ ይገባታል። ሕጉ ወላጅ ሲል ሁለቱንም ማለቱ ነው።

ይህን የምታነቡ ወጣቶች ነገ ዳኞች፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች፣ ከሁሉም በላይ ወላጆች ትሆናላችሁ። ከክፍል ጓደኞቻችሁ መካከል ደብተር አጥቶ የሚዋስ ወይም በገበያ ቀን ዕቃ ለመሸከም ከትምህርቱ የሚቀር ልጅ ቢኖር፣ ምናልባት በአንድ መዝገብ ቤት ውስጥ ስለ እርሱ የተጻፈ የቀለብ ፍርድ ተቀምጦ ይሆናል። ለእርሱ ይህ ጉዳይ የዕለት ምሳው ጉዳይ ነው። ፍርዱ እንዲደርሰው ከተፈለገ ወላጁ የሚውልበት ሥራ ያስፈልጋል። ሥራ ያለው ወላጅ ይክፈል፤ ሥራ ያጣው ሥራ ይፈለግለት፤ ሥራ ቀርቦለት እንቢ ያለው ይቀጣ። ይህ ሥርዐት በየወረዳው ቢጀመር ብዙ ሕፃናት ቀለባቸውን ያገኛሉ፤ ከቀለቡም ጋር ደጃቸውን ሳይፈራ የሚያንኳኳ ወላጅ ያገኛሉ።